የወንፈል ሰዓት

በዚያ ዘመን ካናዳ፣ ካልጋሪ ውስጥ «ሠራተኛ እንፈልጋለን» የሚል ወረቀት ያልተለጠፈበት መስኮት ብርቅ ነበር። በሰሜን በኩል የነዳጅ ዘይት ይወጣል፤ ጉልበት ያለው ሁሉ ወደ ዘይቱ ካምፕ ነጉዶ ከተማው ውስጥ ሥጋ የሚጠብስ፣ ሳህን የሚያጥብ ጠፋ። ሰንሪጅ ሰፈር፣ ከገበያ አዳራሹ ወዲህ፣ በምሠራበት ሬስቶራንት የጓሮ በር ላይ ቆሜ ሳይ ማዶ ያለው ሱቅ ሁሉ ሰው ይጣራል። እኔን ግን አይደለም። የእኔ ወርክ ፐርሚት፣ የሥራ ፈቃዴ ላይ የአንድ ቀጣሪ ስም ብቻ ነው ያለው፤ ከእሱ ሌላ ቤት አንዲት ሰዓት ብሠራ ሕገወጥ ነኝ። እሱ ደግሞ ከዱባይ በኩክነት፣ በምግብ አብሳይነት ሲያስመጣኝ ሙሉ ሥራ ብሎ ፈርሞ፣ ስደርስ በሳምንት ሦስት ሺፍት ወረወረልኝ። አሥራ ስምንት ሰዓት። «ገበያው ሲደራ እጨምርልሃለሁ» አለ። ገበያ ከዚያ በላይ እንዴት እንደሚደራ እስከ ዛሬ አልገባኝም። አውድማ ላይ አፉን የታሰረ በሬ ነበርኩ።

ሰዓቱን የፈለግኩት ለሆዴ አይደለም። ሆድ በሩዝም ይሞላል። ወረቀት ለማግኘት፣ ማለትም ፒአር የሚሉትን የቋሚ ነዋሪነት ፈቃድ ለማመልከት፣ በኩክነት የአንድ ዓመት ሙሉ ሥራ ይጠይቃሉ። ሙሉ ሥራ የሚሉት በሳምንት ሠላሳ ሰዓት ነው። ፓርት ታይም የሚሠራም ትንሽ ትንሹን ደምሮ እዚያው መድረስ ይችላል፤ ጊዜ ይፈጅበታል እንጂ። እኔ ያልነበረኝ ጊዜ ነው። ልጄ አዲስ አበባ እህቴ ዘንድ ነበረች። እናቷ ሌላ አግብታ ሌላ ወልዳለች፤ በዚያ አልፈርድባትም። ልጅቷ ማመልከቻዬ በሚገባበት ቀን አሥራ ዘጠኝ ዓመት ካልሞላት ከእኔ ጋር ትቆጠራለች። ከሞላት የራሷ ሰው ናት፤ የራሷን መንገድ ትፈልግ። እኔ ካናዳ ስገባ አሥራ ሰባት አልፏት ወደ አሥራ ስምንት እየሄደች ነበር።

ወጥ ቤቱ ውስጥ ሦስት ሐበሾች ነበርን። እኔ፣ ሳህን የሚያጥቡ አንዲት እትዬ፣ እና ከእኔ ስድስት ወር ቀድሞ በእንደኔው ዓይነት ፐርሚት የመጣ ኩክ። እትዬ ዜግነታቸውን ካወጡ ቆይተዋል፤ ማንንም አይፈሩም። ባልደረባዬ ከእኔ በአሥር ዓመት ያንሳል፣ ዲፕሎማ አለው፣ እንግሊዝኛው እንደ ውሃ ነው፣ ስለዚህም አምስት ሺፍት፣ ሠላሳውን ሰዓት ሞልቶ ይሠራል። እኔ ፊደል የቆጠርኩት በሠላሳ ሁለት ዓመቴ ነው፣ በማታ ትምህርት፣ ከጎረምሶች ጋር አንድ ወንበር ላይ ተጣብቤ። እንግሊዝኛ ያነበብኩት ደግሞ ከትእዛዝ ወረቀት ላይ ነው። ክንፍ፣ ቅመም ያለው፣ ቅመም የሌለው፣ ሽንኩርት አይግባበት። ከዚያ የዘለለ ነገር ካለ እሱ ያነብልኛል።

የተቀራረብነው በጾም ነው። እኔ ጾመኛ ነኝ፤ እሱ ጴንጤ ነው። ኩክ ያልቀመሰውን ወጥ እንዴት ያወጣል? የዶሮውን ድልህ እኔ እሠራና ማንኪያውን ለእሱ እዘረጋለሁ።

«ጨው?»

«ትንሽ ጨምር፣ ጋሼ።»

«ቃሪያው?»

«ቃሪያውስ ንስሐ ያስገባል።» ማንኪያውን ይልስና ይስቃል። «እኔ እየቀመስኩ አንተ ትጸድቃለህ። በሰማይ ቤት ግማሹን ታካፍለኛለህ።»

እትዬ ከገንዳው ሳይዞሩ፣ «እዚያማ ማኔጀሩ ሌላ ነው፣ አያካፍልም» ይላሉ።

እንዲህ ነበርን። ደግ ዘመን ነበር ማለቴ አይደለም። እንዲህ ነበርን ማለቴ ነው።

በመጀመሪያው ዓመት፣ በገና ሰሞን ባልደረባዬ ገበያ አዳራሹ ፊት ለፊት መኪና ማቆሚያው ላይ በረዶ አዳልጦት የቀኝ እጁ አንጓ ተሰበረ። ለማመልከት የቀረው ሁለት ወር ገደማ ነበር። እጁ በጀሶ ታስሮ ፔንብሩክ ሜዶውስ በሚባል ሰፈር እኔ የምኖርበት ቤዝመንት፣ ምድር ቤት፣ መጣ። አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠ።

«ቀጣሪያችን ሺፍቴን ሊያከፋፍለው ነው» አለኝ። «ለአንተም ይሰጥሃል፣ ለሌላም ይሰጣል። እኔ ስመለስ ግን ቦታዬ የለም። ፐርሚቴም ያልቃል። ሚስቴና ልጄ እዚያ ናቸው፣ ታውቃለህ።»

«ታዲያ ምን ይሻላል?»

«ወንፈል እንግባ።»

ሳቅኩ። የከተማ ልጅ ወንፈል የሚለውን ቃል ከየት አመጣው? እኔ ነኝ የገጠር ሰው። እኛ ዘንድ ጎረቤት ሲታመም ሄደህ ታርስለታለህ፤ ሲድን መጥቶ ያርስልሃል። ቀን በቀን ይመለሳል። የእርሻውን ቀን በአጨዳ ብትመልስ ማንም አይጣላህም፤ ቀን ቀን ነው። ጽሑፍ የለው፣ ምስክር የለው። ወንፈል የበላ ሰው በቀብር ላይ እንኳ ትከሻ አይሰጠውም።

ሐሳቡ ቀላል ነበር። ሥራ ስንገባና ስንወጣ ግድግዳው ላይ ያለው ማሽን ላይ ቁጥራችንን እንመታለን፤ አንተ ማን ነህ የሚል የለም። እኔ የእሱን ሺፍት እሠራለሁ፣ የእሱን ቁጥር እመታለሁ። ሰዓቱ ለእሱ ይጻፋል። እጁ ሲድን እሱ በእኔ ቁጥር ይሠራልኛል። ማኔጀሩስ? ማኔጀሩ እኛን ለይቶ የሚያውቀን በኮፍያችን ነው፤ የእሱን አጠልቃለሁ። ድስቱ ይፍላ እንጂ ማን እንዳፈላው አያስጨንቀውም።

ባልደረባዬ ከላይብረሪ ያወጣውን የኢሚግሬሽን ወረቀት በግራ እጁ ዘረጋና አነበበልኝ። «ይኸው፣ ፓርት ታይምም ይደመራል ይላል። ሰዓት ሰዓት ነው፣ ጋሼ። የአንተም አይጠፋም፣ እዚያው ነው።»

እትዬ ሲሰሙ እጃቸውን ከሳሙናው አውጥተው በሽርጣቸው ጠረጉ።

«ወንፈል በሰው አገር?»

«ምን ችግር አለው፣ እትዬ?»

«እኔ ምን አውቄ። እኛ አገር መሬቱም ያያል። እዚህ የሚያየው ያ ማሽን ነው። ማሽን ደግሞ ዓይን የለውም።»

እሳቸውን ሰምቼ ቢሆን ኖሮ ይህን አልጽፍም ነበር።

ከገና እስከ ፋሲካ የእሱንም የእኔንም ሠራሁ። ጠዋት በእሱ ቁጥር እገባለሁ፣ ከሰዓት በራሴ። ዐቢይ ጾም ገባ፤ ቀማሼ እጁን ታቅፎ ቤቱ ተኝቷል። እትዬን ብለምናቸው «እኔም ጾመኛ ነኝ፣ ነፍሴን በዶሮ ክንፍ አልሸጥም» አሉኝ። በማሽተት ብቻ ሠራሁ። አንድ ሰሞን ጨው በዝቶ ሳህን ሲመለስብኝ ማኔጀሩ የሰደበው በኮፍያው ተሳስቶ ባልደረባዬን ነው፣ በስሙ ጠርቶ። ስድቡንም በእሱ ፋንታ ተቀበልኩ። ደሞዙም ወደ እሱ ሄደ፤ ቤት ኪራይ አለበት፣ ሚስቱ ጋ የሚልከው አለ። በወንፈል ደሞዝ አይቆጠርም።

እሱ ሰዓቱ ሞላለት። አመለከተ። ሚስቱንም ልጁንም ጨምሮ።

ከፋሲካ በኋላ እጁን እያፍታታ ተመለሰ፤ ሰው ነውና ያለውን አደረገ። በአምስቱም ሺፍቶቹ የእኔን ቁጥር መታ። የእኔ ሦስቱ ሲጨመሩ ማሽኑ ላይ ሳምንቴ እንደ ሀብታም እርሻ ሰፋ። አንድ ቀን፣ «ለምን አንድ ላይ ታደርገዋለህ? ቀስ እያልክ መልስልኝ፣ በሳምንት ሁለት ሁለት ሺፍት» አልኩት። ለእጁ አዝኜ ነው እንጂ ሌላ አስቤ አይደለም።

«አይሆንም» አለኝ። «ወረቀቴ ድንገት ከመጣ ዕዳ ይዤ መሄድ አልፈልግም። ቶሎ ልጨርስልህ።»

ይቺን ንግግር ስንት ጊዜ አላመጥኳት። አሁንም አላምጣታለሁ። ቶሎ ልጨርስልህ።

ጨረሰልኝም። የሠራሁለትን ሁሉ፣ አንድ ቀን ሳያጎድል፣ እስከ ሐምሌ መለሰ። መስከረም ላይ ወረቀቱ መጣለት። በሳምንቱ ወደ ሰሜን ሄደ፣ ለዘይት ሠራተኞች ምግብ የሚያበስል ካምፕ ውስጥ ገባ፣ እዚህ በወር የሚያገኘውን እዚያ በሳምንት። የእሱን አምስት ሺፍት የሬስቶራንቱ ባለቤት ለራሱ ዘመድ ሰጠ። እኔ ያው ሦስቴ ላይ ቀረሁ። ቅር አላለኝም፤ በእኔ ሂሳብ ኅዳር ላይ ይሞላልኝ ነበርና። የቋንቋ ፈተናውንም ወስጄ፣ በላብ ተጠምቄ፣ ለጥቂት አልፌያለሁ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ የሚሞላት የካቲት ነው። ሁለት ወር ተርፎኝ እገባለሁ ብዬ ለእህቴ ሻንጣ ግዢላት አልኳት።

ኅዳር መጨረሻ ላይ ባልደረባዬ ያነበበልኝን ያንን የኢሚግሬሽን ወረቀት ፎቶ አንስቼ ለልጄ በስልክ ላክሁላት። ምን ምን ሰነድ እንደሚያያዝ እንድታነብልኝ ነው። እሷ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሳለች፤ ከአባቷ አፍ የሚወጣው እንግሊዝኛ ያስቃታል። ሬስቶራንቱ ጓሮ የድንች ጆንያ ላይ ተቀምጬ ሰማኋት። ከላይ ጀምራ እየተረጎመች መጣች፣ ከዚያ ቆመች።

«አባዬ፣ በሳምንት ስንት ሰዓት ነው የሠራኸው?»

«አንዳንዱ አሥራ ስምንት። ከፋሲካ እስከ ሐምሌ ያለው አርባ ስምንት።»

«ከሠላሳ በላይ አይቆጠርም ይላል።»

«የት?»

«እዚህ፣ ከሥር። በአንድ ሳምንት ከሠላሳ በላይ የተሠራ ሰዓት አይደመርም ይላል። ለሌላ ሳምንት አይተላለፍም።»

«እንደገና አንብቢው።»

አነበበችው። በእንግሊዝኛ ደገመችው፣ በአማርኛ ደገመችው። መደመር የምትችል ልጅ ናት፤ ስትደምር ትንፋሿ ይሰማኝ ነበር። እኔም ደመርኩ። እኔ የሠራሁለት በእሱ ቁጥር ልክ ሠላሳ ሆኖ፣ አንድም ሳይፈስስ ገብቶለታል። እሱ የመለሰልኝ ግን በእኔ አሥራ ስምንት ላይ ተከምሮ፣ ከሠላሳው አሥራ ሁለቱ ብቻ ተይዞ ሌላው ፈስሷል። ቀስ እያልክ ሁለት ሁለት ሺፍት ብዬው ነበር እኮ። እንደዚያ ቢያደርገው አንዲት ሰዓት አትፈስስም ነበር። ሰዓት ሰዓት አይደለም። እህል ቢሆን ጎተራ ይገባል፤ ይህ ግን ውሃ ነው፣ ዕቃው ሲሞላ መሬት ይጠጣዋል።

«ችግር የለውም፣ አባዬ» አለችኝ። ችግር እንዳለው ያወቅኩት ያኔ ነው።

የሬስቶራንቱን ባለቤት ለመንኩት። ሺፍት ጨምርልኝ፣ እስከ የካቲት ብቻ፣ ከፈለግክ በግማሽ ክፈለኝ አልኩት። «በረዶ ነው፣ ማን ይበላል» አለኝ። ዘመዱ መጥበሻው ፊት ቆሞ ስልኩን ይነካካል።

ካምፕ ላለው ባልደረባዬ ደወልኩ።

«ና» አልኩት። «ባለቤቱ ጋ አብረን እንግባ። ከገና እስከ ፋሲካ በቁጥሬ የሠራው እሱ ነው በልልኝ። ደብዳቤ ይጻፍልኝ። ያ ከተቆጠረልኝ ይሞላልኛል።»

ከኋላው የሳህን ድምፅ ይሰማል።

«ጋሼ፣ አብደሃል? እሱን ካልኩ የእኔ ወረቀት ውሸት ነው ማለት ነው። ሚስቴ ከመጣች ገና ወሯ ነው።»

«ከሠላሳ በላይ እንደማይቆጠር ታውቅ ነበር?»

«በእግዚአብሔር፣ ልብ አላልኩትም።»

«አንተ ነህ ያነበብክልኝ።»

«ልብ አላልኩትም አልኩህ እኮ።»

ልብ ያለው ይሁን ያላለው እሱና ፈጣሪው ያውቃሉ። እኔ ያወቀ ይመስለኛል። ዲፕሎማ ያለው ሰው ወረቀት ግማሽ ድረስ አያነብም።

በሳምንቱ እሑድ፣ ከቅዳሴ መልስ፣ ባልደረባዬ የላካቸው ሁለት ሽማግሌዎች ቤዝመንቴ በር ላይ ቆሙ። አንደኛው እኔ የምሳለምበት ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ ናቸው፤ ሁለተኛው የእሱ ጉባኤ ሽማግሌ። እነዚህ ሁለት ሰዎች በደህናው ቀን ሰንሪጅ ቢተላለፉ ሰላምታቸው ከአንገት በላይ ነው። በእኔ ጉዳይ ግን አንድ መኪና ተሳፍረው መጡ። ያለኝ ወንበር አንድ ነው፤ የእኔው ሽማግሌ ወንበሩ ላይ፣ የእሱ ሽማግሌ አልጋዬ ላይ ተቀመጡ። እኔ ቆምኩ።

«ልጄ» አሉ የእኔው፣ «ቅሬታ አለህ ሲባል ሰማን። ይህ ልጅ ወንፈልህን በልቷል?»

«አልበላም።»

«መልሷል?»

«መልሷል።»

«ያጎደለው ቀን አለ?»

«የለም፣ አባቴ። የመለሰውን ግን መሬት ጠጣው።»

«የጠጣው መሬቱ ነው እንጂ እሱ ነው እንዴ?» አሉ ሁለተኛው፣ ለስለስ ብለው። «ወንድሜ፣ ይህ የመንግሥት ሕግ ነው። እሱ አላወጣው።»

«እኔም አላወጣሁት። በእኔ ላይ ብቻ ለምን ወደቀ?»

የመጡት ለሌላ ነው። የእኔው ሽማግሌ ኮፍያቸውን ጉልበታቸው ላይ አስተካክለው ቀስ ብለው የመጡበትን ነገር አወጡት።

«ለባለቤቱ እናገራለሁ ብለሃል አሉ። ብትናገር አንተም በሌላ ሰው ስም ሠርተሃልና ትጠፋለህ፤ እሱም ከነልጁ ይጠፋል። ልጅ አለው፣ ልጄ።»

«እኔም አለኝ።»

«እናውቃለን።»

«ስሟን ያውቁታል?»

ከዚያ ከወንበሩ ተነሥተው እኒያ ትልቅ ሰው በዚያ ጉልበታቸው ቤዝመንቴ ምንጣፍ ላይ ሊንበረከኩ ሲሉ ያዝኳቸው። ሽማግሌ እግርህ ላይ ከወደቀ ሌላ ንግግር የለም። የተጠቀሙብኝ በዚህ ነው፤ ያደግኩበትን ያውቁታል። ይቅር ለእግዚአብሔር አልኩ። ያለው አፌ ነው። አመስግነው ወጡ፤ መኪናው ውስጥ ሆነው ሁለቱ ሲነጋገሩ በመስኮቱ እግራቸውን ሳይሆን ጎማውን ነው ያየሁት፤ የቤዝመንት መስኮት ከዚያ በላይ አያሳይም።

አልተናገርኩም። ደግ ሆኜ እንዳይመስላችሁ። ብናገር ምን እንደማገኝ በእርግጥ ባውቅ ኖሮ ተናግሬ ነበር።

የካቲት መጣ። ልጄ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሞላት፤ ደወልኩላት፣ ዕድሜሽን ያርዝመው አልኳት። ምን ዓይነት ምርቃት ነው፣ የረዘመው ዕድሜ እኮ ነው የከለከላት። ከሦስት ሳምንት በኋላ የእኔ ሰዓት ሞላ። አመለከትኩ፣ ብቻዬን። ወረቀቱ ሲመጣ እትዬ እንኳን ደስ ያለህ ሳይሉ ትከሻዬን በእርጥብ እጃቸው መታ መታ አድርገው ወደ ገንዳቸው ዞሩ። ልጄ አንድ ዓመት ጠበቀች፣ ከዚያ ዱባይ ሄደች፣ ሆቴል ውስጥ አልጋ ታነጥፋለች። እኔ በወጣሁበት በር ገባች። እህቴ የገዛችላት ሻንጣ ለዚያ ሆነ።

ከዚያ የዘይቱ ዋጋ ወደቀ። መስኮቱ ላይ የነበረው ወረቀት ሁሉ ተቀደደ፤ ካምፖቹ ተዘጉ። እኔ በዚያው ሬስቶራንት የወጥ ቤቱ ኃላፊ ሆኜ ነበር፤ ሌላው ሁሉ ሲሄድ የቀረ ሰው እንደዚህ ይሾማል። በዐቢይ ጾም ውስጥ አንድ ቀን ከሰዓት ባልደረባዬ በጓሮ በር መጣ። ሲቲስኬፕ በሚባል ሰፈር አዲስ ቤት ገዝቶ ነበር፣ የባንክ ዕዳው ይጠብቀዋል። ወፍሯል፣ ጠጉሩ ሳስቷል።

«ጋሼ፣ ሺፍት ካለህ» አለኝ።

ነበረኝ። አራት ሰጠሁት። ሊያመሰግን ሲል ማሽኑን አሳየሁት።

«በራስህ ቁጥር ግባ» አልኩት። «በራስህ ውጣ።»

እትዬ ከገንዳው ዞረው አዩንና ምንም ሳይሉ ውሃውን ከፈቱ።

ሽርጡን አስሮ ጎኔ ቆመ። እጁ ሥራውን አልረሳም። የዶሮውን ድልህ አወጣሁ፤ ጾም መሆኑን ያውቃል። እንደ ድሮው ማንኪያ አንሥቶ እጁን ዘረጋ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ልቅመስልህ?»

ማንኪያውን ከእጁ ወሰድኩና ራሴ ቀመስኩት። ጨው ያንሰው ነበር።